የቢጫዋ ጽጌረዳ ሥር

ሰፈሩ «ጋሽ መፍቻ» ነው የሚለው። ዕድሜውን በሙሉ መኪና ሥር ተጋድሞ የኖረ መካኒክ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ እንኳ የሚንኳኳ ሞተር ከሰማ እጁን ይበላዋል። የተበላሸው ይነቀላል፣ ደህናው ይቀራል፤ ከዚህ ሌላ ፍልስፍና አያውቅም። አበባ የሚስቱ ጉዳይ ነበር። መስኮቱ ሥር የተከለቻትን ቢጫ ጽጌረዳ ስታሞላቅቅ ባየ ቁጥር «እኔንም እንዲህ ብትይዢኝ አብብ ነበር» እያለ ያሾፍባታል።

ኋላ ሚስቱ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ድስቱን እሳት ላይ፣ ቀጥሎ የልጆቿን ስም፣ በመጨረሻም ቤቷን። ጠዋት ስትነሳ ክፉኛ ትደነግጣለች። መፍቻ ታዲያ ክንዷን ይዞ መስኮቱ ጋ ይወስዳታል። ቢጫውን ስታይ ትረጋጋለች። «ውይ፣ ለካ ቤቴ ነኝ! አንተ፣ ቁርስ በላህ?» ትለዋለች። ለዚህች «አንተ» ሲል ነበር የሚነጋለት።

ስለዚህ የጽጌረዳዋ ቅጠል ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ፣ አበባዋም ዳር ዳሩን ሲገረጣ ሊጠግናት ተነሳ። ማንንም አልጠየቀም፤ ስንት ሞተር አውርዶ የገጠመ ሰው ቁጥቋጦ ያቅተዋል እንዴ! ከግንዷ ግርጌ፣ አፈሩ አጠገብ፣ ወፋፍራም ለምለም ቅርንጫፎች ወጥተው ነበር። ደስ አለው። በሽተኛውን የላይኛውን ክፍል በመጋዝ ቆርጦ ጣለ፤ ታችኛዎቹን ውሃ እያጠጣ፣ ፍግ እየጨመረ ጠበቀ። ሚስቱ በድንጋጤ ስትነሳ «ታገሺኝ፣ ልታብብ ነው» ይላታል።

አበበች። ቀይ ሆና።

ችግኝ ጣቢያ ሮጦ ሄደ። «የኔ እናት፣ ጽጌረዳ ቀለሙን ይቀይራል?» አላት ሻጯን።

«ፀሐይ ሲበረታበት ይገረጣል። ቅጠሉ ላይ ውሃ ሲያድር ደግሞ ነጠብጣብ ያወጣል፤ እሱ ቀላል ነው፣ የታመመውን ቅጠል መልቀም ነው። ምን ሆኖብዎት ነው?»

«ቢጫው ቀይ ሆነብኝ።»

«ቀዩ ከታች፣ ከግርጌው ነው የወጣው?»

«አዎ፣ ከታች።»

«አይ አባቴ! ቢጫዋ እኮ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጣበቀች ናት። ከታች የሚወጣው የሥሩ፣ የቀዩ ጽጌረዳ ነው፤ የሚቆረጠው እሱ ነበር። ቢጫዋስ የታለች?»

«ቆረጥኳት» አለ መፍቻ።

ሴትዮዋ ቢጫ የሚያብብ ትንሽ ችግኝ አስይዛ «እስክታብብ ግን ይታገሷት» ብላ ሸኘችው። ትዕግሥቱስ ባልከፋ፤ የሚስቱ ነገር ነው እንጂ ጊዜ የማይሰጠው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሻርፗን ደርባ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«ወንድሜ፣ እባክዎ ቤቴ ያድርሱኝ» አለችው። «የሰው ቤት ዋልኩ፤ ባለቤቴ ይጨነቃል።»

«ቤትሽ እኮ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«አይደለም። እኔ ደጅ ያለው ቢጫ ጽጌረዳ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መፍቻ ችግኙን አስቀምጦ እጇን ያዘ፣ ቤቷ እንደሚያደርሳት ሆኖ ሰፈሩን አዞራት፤ ከዚያ ቀዩን እንዳታይ በጓሮ፣ በማዕድ ቤቱ በር አስገባት። ወንበሯን ስታገኝ ተቀመጠች፣ ጉልበቷንም አሸት አሸት አደረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደግ ሰው ነዎት» አለችው። «ባለቤቴ አሁን ይመጣል።»

«ይመጣል» አላትና አጠገቧ ቁጭ አለ።