በአምፖል ቁጥር

ቦንጋ ላይ መብራት እንደ ዛሬው በየግቢው ሳይዘልቅ፣ በዚያ ቁልቁለት ሰፈር መጀመሪያ ቆጣሪ ያስገቡት ሰው የመንገድ ሥራ አናጺው ጋሽ አሞጽ ነበሩ። ቆጣሪውን በገዛ እጃቸው በሠሩት የጣውላ ሳጥን ከተው ከበሩ መቃን አጠገብ አቆሙት። ከዚያም ብዙ ሳይቆዩ በአጥሩ ላይ ሽቦ አሻግረው ለላይኛውና ለታችኛው ጎረቤታቸው መብራት ሰጡ። ክፍያው እንዴት ይሁን ሲባል «በአምፖል ቁጥር» ብለው ደነገጉ፤ ሁለት አምፖል ያለው የሁለት፣ ሦስት ያለው የሦስት። ያን ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ መብራት የሚበላ ነገር አምፖል፣ ግፋ ቢል ሬዲዮ ነበረና ደንቡ ማንንም አልበደለም። አንድ ትርፍ አምፖል ደግሞ ከቤታቸው ማዕዘን አውጥተው ወደ ምንጩ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ሰቀሉ። ይሄኛው የማን ነው ቢሏቸው «የመንገደኛው» አሉ። ሒሳቡ ግን የእሳቸው ነበር።

ጋሽ አሞጽ ካረፉ ብዙ ክረምት አለፈ። ባለቤታቸው እትዬ ላቀች ከእሳቸው በቀረችው ጡረታና በገበያ ቀን በሚሸጧት ቆጮ ይኖራሉ። የሚያበስሉት በእንጨት ነው፤ ከመብራት የሚፈልጉት አንድ አምፖልና የሬዲዮናቸውን ድምፅ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻቸው ግን ከዘመኑ ጋር ሄደዋል። ከላይ ያሉት ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ወልደሥላሴ ፍሪጅም ቴሌቪዥንም ገዝተዋል። በታችኛው ቤት ያለችው ፈርዶስ፣ ወላጆቿ ለንግድ ከመሀል አገር መጥተው የቀሩ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሳንቡሳ እየጠበሰች ለሻይ ቤቶች ታስረክባለች። ሁለቱም ሰው አክባሪ ናቸው፤ ወር በገባ ቁጥር የአምፖላቸውን ሒሳብ ሳያዛንፉ ያመጣሉ። ፍሪጁን ግን ማንም አምፖል ብሎ አልቆጠረው። ምድጃውንም እንደዚያው።

ጉድለቱን እትዬ ላቀች ከጡረታቸው ሲሞሉ ከረሙ። መጀመሪያ ስኳር ተዉ፤ ቀጥሎ ገጠር ማንኪራ ያሉ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ መሄዱን ተዉ፤ ለመንገድ አይበቃም ነበርና። አፍ አውጥተው መናገሩ አልሆነላቸውም። የጎረቤትን መብራት መቁጠር የእንግዳን ጉርሻ እንደ መቁጠር ነውር መሰላቸው። ደግሞም ደንቡ የአሞጽ ቃል ነው። የሞተ ሰው ቃል ማን ያሻሽላል? እንዲህ እንዲህ ሲባል ጡረታውም አልበቃ ብሎ ውዝፉ ተከመረና በወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ መስመሩ እንደሚቆረጥ ተነገራቸው።

አቅም ለሌለው ሰው ውዝፉ ቀስ በቀስ እንዲከፈል ቀበሌው ለመብራት ኃይል ደብዳቤ ይጽፋል ሲባል ሰምተው ነበርና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የተቀበላቸው ኢሳያስ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። የመጨረሻውን ቢል አገላብጦ አየና ቀና አለ።

«እማማ፣ ይህ ፍጆታ የትንሽ ሆቴል ነው። ይህን ይዤ ድሀ ናቸው ብል ማን ይሰማኛል?»

በማግስቱ ግን ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ። አንዷን አምፖል፣ ሬዲዮኑን፣ የእንጨት ምድጃውን አየ፤ ከዚያም ዓይኑ ሽቦዎቹን ተከትሎ አጥሩን ተሻገረ። ነገሩ ሲገባው ቁጭ ብሎ በዝግታ አስረዳቸው። ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ዋጋም አብሮ ይወጣል፤ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲሰቀል መሰላሉን የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ለብቻቸው ቢሆኑ ከታችኛው እርከን፣ ከርካሹ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሽቦዎቹን ካነሱ ደብዳቤውን ይጽፋል፤ ካላነሱ ግን እጁ የታሰረ ነው። የመንገዱም አምፖል ቢሆን ከቤት ውጭ ነውና ከእሳቸው ቆጣሪ መነሳት አለበት።

እትዬ ላቀች በዚያው ቀን ለመናገር ቆርጠው ወደ ፈርዶስ ወረዱ። ፈርዶስ ዘይቱ ግሎባት ላብ በላብ ሆናለች። እንዳየቻቸው ወንበር ሳበችላቸው፣ ትኩስ ሳንቡሳ በሰሃን አቀረበችላቸው፣ ልጆቿን የምታስተምረው በዚሁ ምድጃ መሆኑን እየሳቀች አጫወተቻቸው። በልተው፣ መርቀው፣ ሳይናገሩ ተመለሱ። ቤታቸው ሲገቡ ሬዲዮኑን ነቀሉት። አምፖላቸውንም ፈትተው መደርደሪያው ላይ አኖሩት።

ማምሻውን ጋሽ ወልደሥላሴ ከእድር ስብሰባ ሲመለሱ ቤቱ ጨለማ መሆኑን አይተው በሩ ላይ ቆሙ። ቀልድ ይወዳሉ።

«ላቀች፣ ማር ቆራጭ እንኳ ጣቱን ይልሳል። አንቺ መብራት እየሸጥሽልን በጨለማ ትቀመጫለሽ?»

ሰውየው በክፋት አልተናገሩም። ነገር ግን «እየሸጥሽልን» የምትለዋ ቃል እትዬ ላቀችን እሾህ ሆና ወጋቻቸው። ሌሊቱን ሁሉ አገላበጧት። እንግዲህ ትርፍ የምበላ ይመስላቸዋል ማለት ነው?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱን ጎረቤቶች ጠርተው የቆጣሪውን ሳጥን ከፈቱ። ብዙ አላወሩም። ፈርዶስ ምድጃዋን፣ ጋሽ ወልደሥላሴም ያላቸውን ሁሉ እንዲያበሩ ለመኑ። ሁለቱ አብርተው ሲመለሱ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው ክብ ብረት እንደ እንዝርት ትሾር ነበር። ቀጥሎ ሁሉንም እንዲያጠፉ ጠየቁና የራሳቸውን አምፖል መልሰው አበሩ። ብረቷ ቀጥ ብላ የቆመች መሰለች። ጠጋ ብለው ሲያዩዋት ነው መሄዷ የታወቀው።

«የእኔ ይቺ ናት» አሉ። «ቀበሌ ሽቦውን ቁረጪ ብሎኛል። አሞጽ የሰጠውን እኔ አልቆርጥም። እንዲህ እንዳለ ከቀጠለ ግን ሦስታችንም ጨለማ ነን።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ቆባቸውን አወለቁ። ፈርዶስ አንገቷን ደፋች።

«እትዬ ላቀች፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እኔ እኮ ትንሽ ትንሽ የሚተርፍዎት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ አላስቸገረም። ለሳንቡሳው ሥራ የራሷ ቆጣሪ እንደሚያስፈልጋት ፈርዶስ ድሮም ታውቅ ነበር፤ በቅርብ መብራት ስላላት ነው ስታዘገየው የኖረችው። ጋሽ ወልደሥላሴ ከእሷ መስመር በመንገዱ በኩል ሊስቡ ተስማሙ። «በአምፖል ግን አይሆንም፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ያንን ፍሪጅ እንደ ተከራይ ነው የምቆጥረው።» እሳቸውም ፍሪጁ እንደ እሳቸው ጡረታ እንዳልወጣ መሰከሩ። ከውዝፉም እያንዳንዳቸው የሚችሉትን አነሱ። ሁሉን መሸፈን ባይችሉም መቆረጡን ለማስቆም በቃ፤ ቀኑም ተራዘመላቸው።

የፈርዶስ ቆጣሪ በገባ ጊዜ አሮጌውን ሽቦ መሰላል ላይ ወጥተው የፈቱት ጋሽ ወልደሥላሴ ራሳቸው ናቸው። ኢሳያስም መጥቶ አየና ቃሉን ጠበቀ፤ ለተረፈው ውዝፍ ደብዳቤው ተጻፈ። በሚቀጥለው ወር የእትዬ ላቀች ቢል ከእርከኑ ሁሉ ታች ወርዶ መጣ። ለስኳርም ተረፈ። ባዶውን አጥር ባዩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይጎድላቸዋል፤ ዓይናቸው ሽቦውን ይፈልጋል።

የመንገዱን አምፖል ፈርዶስ ከራሷ መስመር ቀጥላ እዚያው ቦታው ላይ ትታዋለች። ወር ሲገባ እትዬ ላቀች ብር በመሀረባቸው ቋጥረው ወረዱ።

«ይኸውልሽ ልጄ። የአንድ አምፖል።»

«የመንገደኛው አይደል እንዴ፣ እትዬ? ከእርስዎ አልቀበልም።»

«መብራቱ የመንገደኛው፣ ሒሳቡ የቤታችን ነው። እንዲያ ነበር። ተቀበይኝ።»

ፈርዶስ ዱቄቱን ከእጇ አራግፋ፣ በሁለት እጇ ተቀበለች።