ደጃፍ ላይ የተጋደመ ጥድ

ባለፈው ዓመት በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ልጄን ልጠይቅ ስዊድን ሄጄ ነበር። ስለ ሲስተር ብሪታ ከእኔ ደጋግማ ስለሰማች፣ ሲስተሯን ወደ እኛ አገር የላካትን ቤተ ክርስቲያን አፈላልጋ አግኝታ፣ ላስደስታት ብላ አንድ እሁድ ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ ተደርድሯል። ሽታው ሲደርሰኝ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ግቢ እንጂ! በብርድ ልትጨርሺኝ ነው?» አለች።

ሲስተር ብሪታ እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አሰላ የነበረች ሚስዮናዊት ነርስ ናት። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ የያኔ ዕድሜዋ ግን አሁን ከልጄ ስለሚያንስ አንቺ ብላት ነውር የለውም። ፊቷ በደጋው ፀሐይ የቀላ፣ ዝናብ ቢመጣ ጭቃ ቢሆን ከመንገዷ የማትመለስ ሴት ነበረች። አማርኛዋ ለከተማው ቢበቃም ኦሮምኛ ስለማታውቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር ስትወጣ እንዳስተረጉምላት ፈረሷ ላይ ከኋላዋ ታፈናጥጠኝ ነበር። እናቴ የፈረንጅ ስንቅ አያጠግብም እያለች ኪሴን በገብስ ቆሎ ትሞላዋለች።

አንድ ቅዳሜ በዲክሲስ አቅጣጫ ሄድን። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፣ ማሳው ላይ ግን ሰው የለም፤ ከአንድም ጎጆ ጭስ አይወጣም፣ ውሻ እንኳ አልጮኸብንም። ከእናቷ ጋር ቅቤ ልትሸጥ ገበያ ስትመጣ አብራኝ የምትጫወተው ጫልቱ ቤት ደረስን። ደጃፉ ላይ እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ ተጋድሟል። በዚያ አካባቢ ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ተስቦ ገብቷል፣ እንግዳ አይለፍ ማለት ነው።

ሲስተር ብሪታ ፈገግ አለች። «እኛም አገር ለገና በር ላይ እንዲህ ነው» አለች ከፈረሱ እየወረደች።

ጫልቱ ከበሩ ጨለማ ውስጥ ታየኛለች። ከኋላዋ እናቷ ያቃስታሉ። «አደራሽን እንዳትነግሪያት» አለችኝ በኦሮምኛ፤ «ከተመለሰች እናቴ ትሞታለች።»

«ምን አለች?» ስትል ሲስተር ብሪታ ጠየቀችኝ።

«ይግቡ ትላለች» አልኩ።

ቅርንጫፉን ተሻግራ ገባች። እኔ የፈረሱን ልጓም ይዤ ውጭ ቀረሁ። «ነይ እንጂ፣ ፈሪ! ውሻ የለም!» እያለች ስትስቅ ይሰማኛል። ከዚያ በሽተኛዋን ታቅፋ ወደ ብርሃን አመጣቻቸው፤ ደረታቸው ላይ የወጣውን ሽፍታ ያየችው ያኔ ነው። ሳቋ ቆመ። ቅርንጫፉን አየች፣ እኔን አየች። እጅጌዋን ሰብስባ ተመልሳ ገባች፤ እስኪመሽም አልወጣችም።

የጫልቱ እናት ዳኑ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቅቤያቸውን ይዘው ገበያ ሲመጡ አያቸው ነበር። ሲስተር ብሪታ ወር ሳይሞላት በዚያው ተስቦ ሞተች። ክሊኒኩ ተዘጋ፣ ፈረሱም ተሸጠ፤ ቅዳሜ ለእኔ እንደማንኛውም ቀን ሆነ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከዐሥር የማይበልጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በፋሲካ ሊዘጋ ነው አሉን፤ ወደ ሩቅ አገር የሚልኩት ሰው ቀርቶ ወንበሩን የሚሞላም የለም። ግድግዳው ላይ የሲስተር ብሪታ ፎቶግራፍ አለ። ልጄ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበችልኝ፦ «ሞት እንዳለ እያወቀች ገባች።»

የብሪታ ታናሽ እህት በዱላ ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። እዚያ የነበርኩት እኔ መሆኔን ሲሰሙ እጄን ያዙና በልጄ በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ስትገባ ፈርታ ነበር?»

«አልፈራችም» አልኩ። «ፈገግ ብላ ነው የገባችው።»

እጄን ሳሙት። ከዚህ በላይ አልጠየቁም፣ እኔም አልጨመርኩም። የቅርንጫፉን ትርጉም ለብሪታ ብነግራት ኖሮም ትገባ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ተመልሳ ስትገባ አይቻታለሁና። ያ ጽሑፍ እውነት ሊሆን ይችል ነበር። እውነት እንዳይሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ።