ብረቱ እጁ ላይ ነበር

ይህ ጉዳይ እኔን እንቅልፍ እንኳ አልነሳኝም፤ ደህና አድርጌ እተኛለሁ። እንዳታዝንልኝ አስቀድሜ ልንገርህ። ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ነው የምነግርህ።

ቴፒ ውስጥ ቡና እነግዳለሁ። አወል የሚባል የጅማ ልጅ ወዳጄ ነበር፤ ጆንያ በሹል ብረት እየወጋ ናሙና ያወጣል። የዚያን ቀን የሚወጋው የእኔን ጆንያ ነበር። እኔ ደግሞ ከላይ ደረቅ፣ ከመሃል ክብደት እንዲጨምር ውሃ የጠጣ ጀንፈል፣ ገለባው ያልተፈለፈለ ቡና፣ ሞልቼበታለሁ። ብልጥ ነኛ! ተካ የሚባል ከሸዋ ቤንች የመጣ ጫኝ ከአወል ኋላ መጥቶ፣ «ዶክተር! በሽተኛው ይተርፋል?» ብሎ አንገቱን ያዘው። ለጨዋታ ነበር። አወል ደንግጦ ዞረ፤ ብረቱም አብሮት ዞረ። ተካ ሐኪም ጋ ሳይደርስ ሞተ።

ጠዋት ሁለቱ በተራ ነገር ተጨቃጭቀው ስለነበር፣ ቂም ነው ተባለ። በቅርብ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ብረቱን ከየት አመጣው?» ብለው ፖሊሶች ጠየቁኝ። ሥራ ላይ ነበር ብል፣ የማንን ጆንያ ሲወጋ ሊሉኝ ነው፤ ጆንያው ሊፈታ ነው። እኔ፣ እኔው ራሴ፣ «መጋዘን ገብቶ ይዞት ወጣ» አልኩ። ሆነ ብሎ ገደለ ተብሎ ተፈረደበት።

ይግባኝ ሲል ሚስቱ ዘይነባ ሱቄ መጣች። ድንገተኛ መሆኑን የሚመሰክር ከተገኘ ፍርዱ ሊቀል እንደሚችል ጠበቃው ነግሯታል።

«ጋሽ መኮንን፣ ብረቱ ቀድሞውኑ እጁ ላይ አልነበረም?»

«ያየሁትን ተናግሬያለሁ።»

«እሱስ፣ ‹መኮንን ደንግጦ ነው፣ አታስጨንቂው› ይላል።»

ምነው በሰደበኝ! ጆንያው ከተሸጠ ዓመት አልፎታል፤ ታዲያ ምን ፈራሁ? ውሸታም መባልን። ውሸታም ሆኜ ሳለሁ! ቃሌን አልለወጥኩም። ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

በቀደም አወል በአመክሮ ወጣ። ሱቄ ገብቶ፣ እስር ቤት በእጁ የሠራውን የሹራብ ኮፍያ ራሴ ላይ አጠለቀልኝ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሸበትክ እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የተካ እናት እንዴት ናቸው?» አለኝ።

ወንበር ሳብኩለት እንጂ እውነቱን አልነገርኩትም። ይህን ከምትሰማኝ ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም።

ተካ ሞተ። አወል ስምንት ዓመት ታሰረ። እኔ አንድ ቀንም አልታሰርኩም።