ስክሪኑ እስኪበራ

ልጄ አዲስ አበባ ትሠራለች። ሥራዋ ገና መሠረታቸው ያልተቆፈረ ቤቶችን አልቀውና ተውበው እንዲታዩ አድርጎ በኮምፒውተር መሣል ነው። እናቷ ለጎረቤት ስታስረዳ «የሌለ ቤት ታሳያለች» ትላለች፤ ጎረቤትም ራሱን ይነቀንቅና ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ቤቶቹን በስልክ አይቻቸዋለሁ። መስኮታቸው ሰፊ ነው፣ ሳሎናቸው ብርሃን የሞላበት ነው፣ ሰው ግን የለባቸውም። ምነው ሰው አታስገቢባቸውም ብዬ ብጠይቃት፣ ደንበኛ የሚፈልገው ቤቱን ነው ብላ ሳቀችብኝ።

እሷ ከሄደች ወዲህ የእኛ ቤት ሰፍቶብናል። ይህን ስል እናቷ ቤት አይሰፋም፣ ያው ነው ትለኛለች፤ ራት ስታቀርብ ግን እስካሁን ለሦስት ሰው ነው የምታቀርበው። ልጃችን ለዒድ ትመጣለች። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለን ቤት አስገብተን፣ ገና ወሬያችንን ሳንጀምር መመለሻዋ ይደርሳል። ምክንያቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሥራዋን የሚችለው ትልቅ ማሽን ያለው ቢሮ ነው፣ ላፕቶፗ ላይ ሲጫን ያቃስታል።

አንድ ዒድ ላይ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች፣ «አባባ፣ እንደ ቢሮው ያለ ማሽን እዚህ ቢኖር ረመዳንን ሙሉ እናንተ ጋ እጾም ነበር» አለችኝ። እንደ ዋዛ ነው ያለችው። እኔ ግን ቃሏን ያዝሁ። በየጊዜው ስልክ እየደወልሁ ረመዳን እኮ እየቀረበ ነው እያልሁ ጨቀጨቅኋት፤ እሷም በመጨረሻ ዕቃውን አንድ አንዱን እየገዛች፣ መርካቶ ጨርቅ ለማምጣት ከሚወርዱ ነጋዴ ወዳጆቼ ጋር ትልክልኝ ጀመር። ሁሉም ሲደርስ እዚሁ ከተማችን አራዳ ላለ ባለሙያ እንድሰጥ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ወዲያው እንደሚገጥመው ነገረችኝ።

ለባለሙያ አልሰጥም፣ ራሴ እገጥመዋለሁ አልሁ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን አስቀምጣ ሳቀች። እኔ አምፖል ስቀይር እንኳ አንዷን ወንበር ያዢ፣ አንዷን ማብሪያውን አጥፊ እያልሁ ቤቱን በሙሉ የማሰልፍ ሰው ነኝ። ይህን አላጣሁትም። ነገር ግን አሰብሁት፤ ባለሙያው ከገጠመው ነገሩ ባንድ ቀን ያልቃል። እኔ ከገጠምሁት ግን ልጄ በየማታው እየደወለች ልታስተምረኝ ነው። ተንኮል ከተባለ ተንኮል ነው።

በዚያ ሰሞን የስልክ ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። ፎቶ አንሥቶ መላክ የለ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት የለ፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ትደውላለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ካቻቢቴዬን አነሣለሁ፣ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሠራለሁ። እኔ እዚሁ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ከአባቴ የወረስሁት የጨርቅ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። የማውቀው በጣቴ እየዳሰስሁ ነው። የዕቃዎቹን ስም ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ ለራሴ እንዲገባኝ አድርጌ እጠራቸዋለሁ። ራም የምትለው ጥርሱ ወርቅማ የሆነው ዘንግ ለእኔ ማበጠሪያው ነበር። ግራፊክስ ካርድ የምትለውን፣ ምስሉን ሠርቶ የሚያወጣውን ከባድ ዕቃ፣ ጡቡ አልሁት። እሷም ተወችኝና «አባባ፣ አሁን ማበጠሪያውን ግፋው፣ ቀጭ እስኪል» ማለት ጀመረች። ከዚያ በፊት በስልክ የምናወራው ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በልተሻል፣ በልቻለሁ ነበር። አሁን ስለ ብሎን ሳይቀር እናወራለን።

እናቷ መርፌና ክሯን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። ከማሽኑ ጋር ጉዳይ የላትም። ልጇ ስትስቅ ለመስማት ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ስሳሳት ደግሞ ልጃችን በጣም ትስቅ ነበር።

ሁሉም ተገጥሞ ያለቀ ዕለት ቢስሚላህ ብዬ ማብሪያውን ተጫንሁት። ማራገቢያዎቹ ዞሩ። ከውስጥ ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ። ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ኖ ሲግናል»፣ ምስል አልደረሰኝም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ብቻ ሆነ። ባለቤቴ አፏን መልሳ ዘጋች።

ለልጄ ነገርኋት። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉም አስቀድሞ የሠራውን ኩባንያ ምልክት ማሳየት አለበት አለችኝ። ሌላ ምንም ፕሮግራም ባይጫንበት እንኳ ያቺን ምልክት ያሳያል፤ እሷ ካልታየች ውስጡ ደህና ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም። አትጨነቅ፣ አዲስ የተገጠመ ማሽን ላይ የተለመደ ነው፣ አንድ በአንድ እናየዋለን አለች። እኔም እውነቱን ለመናገር አልተጨነቅሁም። ገና የምናወራው ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ደስ እያለኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ስክሪኑ ራሱ የሚሠራ መሆኑን አየን። ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ጥብቅ ብሎ መሰካቱን ጠየቀችኝ፣ ጥብቅ ብሏል አልሁ፤ እውነቴን ነው፣ ጥብቅ ብሎ ነበር። ቀጥሎ ማበጠሪያዎቹን አውጥቼ አንዱን ብቻ መልሼ እንድሰካ አደረገችኝ፣ ከዚያ ሌላውን ብቻ። ጥቁር። ከማሽኑ አናት በኩል ለዋናው አንጎል የሚሄድ ሌላ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል አለችኝ። እኔ አልረሳሁትም ነበር። ስለዚህ ትንሽ ኮራሁ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጡቡን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ጥቁር። ማራገቢያዎቹ ግን ምንም እንዳልጎደለባቸው ይዞራሉ፤ ይህ ነበር ከሁሉ የሚያናድደኝ። አይሠራም ካለ ዝም ብሎ አይቀመጥም ወይ?

እየቆየ ደስታዬ ወደ ንዴት ዞረ። ዕቃው የውሸት ነው፣ አታልለውሻል አልኋት። አልተታለልሁም አለች። እንግዲያው መንገድ ላይ ሰብረውታል ብዬ ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ ወዳጆቼን አማሁ። እሷም ደክሟት ነበር። ድምፅዋ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ከቢሮ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ቤቷ ገብታ ሳታርፍ ነው የምትደውልልኝ። አንድ ማታ ቢሮው ከረመዳን በፊት ቁርጡን ንገሪን እያላት መሆኑን ነገረችኝ። ማሽኑ እየሠራ ከሆነ ትመጣለች። ካልሠራ ግን እምቢ ብለዋታል፣ ለዒድ ብቻ ነው የምትመጣው።

ያን ሌሊት ተንኮሌ ራሴን መታኝ። ባለሙያ ብጠራ ኖሮ ይህ ሁሉ አልቆ ልጄ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። ድምፅዋን በየማታው ልስማ ብዬ ራሷን ላጣ ነው። ጠዋት ለባለቤቴ ነገ ማሽኑን አራዳ እወስደዋለሁ አልኋት። «ሸጋ፣ መጀመሪያስ ይኸው አልነበር» አለችኝ።

ማታ ልጄ ስትደውል ይህንኑ ነገርኋት። እሺ አለች። ደስ ያላትም መሰለኝ። ከዚያ ግን፣ ከመውሰድህ በፊት አንድ ነገር እንሞክር፣ ከኋላው ያለውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ለዓይነ ስውር እንደምትነግር ንገረኝ አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ከጠረጴዛው ጀርባ ተንበረከክሁ። ከላይ የመብራቱ ገመድ የሚገባበት አለ አልሁ። ከዚያ የኪቦርዱ፣ ከዚያ የማውሱ፣ ከዚያ የስክሪኑ ኬብል የተሰካበት ቀዳዳ፣ ከዚያ የድምፁ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ጡቡ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «የስክሪኑ ኬብል ጡቡ ላይ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ክፍት ባለው ነው የሰካሁት።»

«ክፍት ባለው ማለት?»

«የጡቡ ቀዳዳዎች ሁሉ ክዳን አለባቸው። ጥቁር የላስቲክ ክዳን።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ክዳኑን ምነው አላነሣኸው?» አለችኝ።

«አዲስ ነው እኮ» አልኋት።

ይህን ለማስረዳት የእኔን ሙያ ማወቅ ያስፈልጋል። ጨርቅ ከላስቲኩ እስካልወጣ ድረስ አዲስ ነው፤ ደንበኛ ካልወደደው ይመልሰዋል፣ እኔም ከአስመጪው ጋር ተነጋግሬ እመልሳለሁ። ላስቲኩ ከተነሣ ግን የማንም አይደለም፣ የሸማቹ ነው። ይህን ሕግ ከአባቴ ጋር መደርደሪያ ስር ቁጭ ብዬ ተምሬዋለሁ። በቤታችን የቴሌቪዥኑ ሪሞት እስከ ዛሬ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው፤ ቁጥሮቹን በላዩ ላይ ነው የምንጫናቸው። ጡቡም ከሁሉም ዕቃ ውዱ መሆኑን ስለማውቅ፣ ምናልባት የማይሠራ ቢሆን እንዲመለስ ክዳኑን ጠብቄ አኖርሁት። ኬብሉ ልክክ የሚልበት ሌላ ክፍት ቀዳዳ አየሁ፣ እዚያ ሰካሁት። ልጄ ደግሞ ይህን ልትጠይቅ አላሰበችም፤ ክዳን አንሣ ተብሎ የሚነገረው ሰው አለ ብላ አልገመተችም።

ያ የሰካሁበት ቀዳዳ በእኛ ማሽን ላይ ጌጥ ነው አለችኝ። ምስሉን የሚሠራው ጡቡ ነው፣ ምስሉም የሚወጣው በጡቡ በኩል ብቻ ነው። ማሽኑ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ደህና ነበር። ያቺን ምልክት በየማታው ያሳይ ነበር፤ የሚያሳየው ግን በተከደነ በር ነው።

ክዳኑን በጥፍሬ ፈነቀልሁት። ኬብሉን ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንሁት። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ መሀሉ ላይ ነጭ ምልክት ብቅ አለ፣ ከስሩም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ልጄ ከእናቷ እልልታ አወቀችው። አልሐምዱሊላህ አለች። «እንግዲህ መጣሁ» አለች ቀጥላ። ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ አለቀስሁ፣ ባለቤቴም አየችኝ።

ከዚያ ማታ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። የሚጠገን ነገር የለማ። ልጄ ከመምጣቷ በፊት የጀመረችውን ለመጨረስ ትሮጣለች፤ ብትደውልም ደህና ናችሁ፣ ደህና ነን ሆነ። እኔ ግን መምጫዋን ስለማውቅ ቻልሁት። የቤት ኢንተርኔት መስመር አስገባሁ። ክፍሏን ቀለም አስቀባሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ ልጄ ወሩን ሙሉ ልትጾም ልትመጣ ነው እያልሁ ሳይጠይቁኝ እነግር ነበር።

መጣችም። ቃሏን አላጠፈችም፣ ወሩን ሙሉ ከእኛ ጋር ሆነች። ሌሊት ሱሑር ከበላን በኋላ ትንሽ ትተኛለች፣ ከዚያ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ማሽኑ ፊት ትቀመጣለች። ከሱቅ ስመለስ እዚያው ናት። በሩ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን እጠራርጋለሁ፤ ሳትዞር አንድ ጣቷን ታነሣለች፣ ቆይ ማለቷ ነው። እቆያለሁ። ጀርባዋን አያለሁ፣ ከጀርባዋ ባሻገር የሌሉ ቤቶችን አያለሁ። ለኢፍጧር ትወጣለች፣ ተምሯን ትበላለች፣ ሾርባዋን ትጠጣለች፣ ሰግዳ ትመለሳለች። ማን ላይ አመለክታለሁ? ማሽኑን የገጠምሁት እኔ ነኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን፣ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ አዲስ አበባ በነበረች ጊዜ ካነጋገረችኝ ያነሰ ነበር የምታነጋግረኝ።

በረመዳን መጨረሻ ገደማ፣ ኢፍጧር ላይ እንዳለን መብራት ሄደ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። እናቷ ሻማ አበራች። ልጄ ማሽኑን ልታየው ሄዳ ተመለሰችና፣ ምንም ማድረግ አይቻልም ብላ እኔ ወጥቼ የተቀመጥሁበት ደጃፍ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ። ስለ ሱቁ ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ ራቷን ብቻዋን ስክሪን ፊት እንደምትበላ፣ አንዳንዴ የበላችውን እንደማታስታውስ ነገረችኝ። ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች፣ እኔም እንዳትነሣ ፈርቼ አልተንቀሳቀስሁም።

«አባባ፣ ምነው ዝም አልህ?»

«ናፍቀሽኛል» አልኋት።

ሳቀች። «እዚሁ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኋት።

ሳቋን አቆመች። ትከሻዬን ለቃ በጨለማው ውስጥ ፊቴን ልታይ ሞከረች፣ የምትናገረውም ነገር ነበራት፤ ይሄኔ መብራቱ መጣ። ቤቱ ሁሉ ቦግ አለ። እጄን ይዛ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ሥራው ለጠዋት እንደሚፈለግ ነገረችኝ፣ እኔም ሂጂ አልኋት፣ ሄደች። እናቷ ሻማውን አጥፍታ መጥታ ልጇ የተነሣችበት ላይ ተቀመጠች።