ያስጠናሁት ክፍለ ጊዜ

መምህር ለመሆን አስቤ አላውቅም። ፊዚክስ የተማርኩት ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ በጸጥታ መሣሪያ እየነካካሁ ለመኖር ነበር። ዲግሪዬን ይዤ ቴፒ እናቴ ቤት ስምንት ወር ከተቀመጥኩ በኋላ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ሥልጠና ማስታወቂያ ወጣ። እናቴ ገና ሳልመዘገብ ለሰፈሩ ሁሉ "ልጄ እኮ ቲቸር ሆነች" ብላ ጨረሰች። እናቴ የተናገረችውን ከማስተባበል መምህር መሆን ይቀላል፤ ተመዘገብኩ።

ንድፈ ሐሳቡን እንደምንም ተወጣሁት። ለተግባር ልምምድ ሚዛን ተፈሪ ዳር ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ዘጠነኛ ክፍል ተመደብኩ። ሕጉ አጭር ነው፦ በልምምዱ መጨረሻ ከዩኒቨርሲቲ ገምጋሚ ይመጣል፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ያያል፣ ቅጽ ይሞላል። የወደቀ በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል። ወድቄ ቴፒ ስገባ እናቴ ለጎረቤቶቿ ምን እንደምትል ሳስብ እንቅልፌ ይጠፋ ነበር።

የሚያስፈራኝ ድምፄ ነው። ድምፄ ትንሽ ነው፤ መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠራ የሚቆምልኝ አጠገቤ ያለ ሰው አዝኖ ሲጮህልኝ ነው። ክፍሉ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ሚዛን ላይ እንግዳ አይደለም፣ ነዋሪ ነው። ሲመጣ መምህሩ አፉን ዘግቶ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፣ ተማሪው ደብተሩን ያወጣል፣ እስኪያባራ ድረስ ሁሉም ይጽፋል። የትምህርት ቤቱ ሰው ይህን "የዝናብ ኖት" ይለዋል። እኔ ግን በየዋህነቴ ገምጋሚው የሚመጣበት ረቡዕ ፀሐይ እንደሚሆን ለራሴ ወስኜ ነበር።

ፀሐዩን ከወሰንኩ ዘንዳ የቀረውንም ወሰንኩ። ስለ ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ሲነካኩ ስለሚፈጠረው መፋተግ፣ ላስተምር ነው፤ ስድስት ጥያቄ አዘጋጀሁ። አማርኛው የሚፈስላቸውን ስድስት ተማሪዎች መርጬ ለእያንዳንዳቸው ቁጥርና መልስ ሰጠሁ። ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፣ ባለ ቁጥሩ ብቻ ይነሣል። ስድስተኛው ሲጨርስ ክፍሉ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። ዓርብ አንድ ጊዜ፣ ሰኞ አንድ ጊዜ፣ ማክሰኞ አንድ ጊዜ አጠናነው። ማክሰኞ ላይ እንዲያውም በኩራት እንባዬ ሊመጣ ነበር።

አማካሪ መምህሬ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው። በመስኮት ሲያዩኝ ሰነበቱና ማክሰኞ ስወጣ ያዙኝ።

"ልጄ፣ የሰርግ ሚዜ ነው የምታለማምጂው ወይስ ተማሪ?"

"ለነገ ነው፣ እትዬ። ተሳታፊ እንዲሆኑ ብዬ..."

"ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" አሉኝ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

ጃንጥላውን ልብ ማለት ነበረብኝ።

ረቡዕ ገምጋሚው መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ግን የግቢው ጭቃ በር ላይ ተቀብሏቸው ኖሮ ከቀኝ ጉልበታቸው እስከ ዳሌያቸው ቀይ ነበሩ። ማንም እንዳላየ ሆነ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ እኔም "ሰበቃ" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው።

አንደኛውን ጥያቄ ጠየቅሁ። ለራሴም አልተሰማኝም። ክፍሉ ግን በሙሉ እጁን አወጣ፤ አንደኛዋ ተነሥታ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ እኔም "በጣም ጥሩ" እንደሚል ሰው አንገቴን ነቀነቅሁ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ገምጋሚውን ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው ፊታቸው በርቷል፣ ይጽፋሉ። ዝናቡን በልቤ ማመስገን ጀመርኩ። እንዲህ የሚያምር ክፍለ ጊዜ፣ ያውም ያለ ድምፅ!

ሦስተኛውን ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ ነው የባለ ቁጥር ሦስት መቀመጫ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ቡና ደርሷል፤ ልጁ ለለቀማ ሄዷል። እኔ ስደነግጥ ባለ ቁጥር አራት አልደነገጠም። ከሁለት ቀጥሎ ሰው ካልተነሣ ተራው የእሱ ነው ብሎ ተነሣ፣ የራሱን መልስ ተናገረ፣ ተቀመጠ። ማን ሰማው? አንገቴን ነቀነቅሁ።

አራተኛው ጥያቄ "ጭቃ ላይ ስንሄድ እንዳንወድቅ ምን ማድረግ አለብን?" የሚል ነበር። ገና "አለብን" ከማለቴ ዝናቡ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መካከል ባለ ቁጥር አምስት ብድግ ብላ፣ እንዳስጠናኋት ደረቷን ነፍታ መለሰች።

"ዘይት መቀባት!"

የማሽን ሰበቃ እንዴት እንደሚቀነስ ነበር ያስጠናኋት። ገምጋሚው ቀስ ብለው ወደ ሱሪያቸው ተመለከቱ።

ባለ ቁጥር ስድስት፣ ከአምስት በኋላ ስድስት መሆኑን የሚያውቅ ታማኝ ልጅ፣ ሳልጠይቀው ተነሣ። "ዛሬ ስለ ሰበቃ በጥልቀት ተረድተናል፤ ቲቸርን እናመሰግናለን!" ክፍሉ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ክፍለ ጊዜው ከተጀመረ ገና አሥራ አምስት ደቂቃው ነበር።

ገምጋሚው ተነሡ። "ይህን ትምህርት ስንት ጊዜ ተማራችሁት?" ብለው ተማሪዎቹን ጠየቁ።

"ሦስት!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ያላስጠናሁት መልስ ይህ ብቻ ነበር።

"እንግዲህ ጊዜ አለሽ" አሉኝ። "አሁን ደግሞ የማያውቁትን አስተምሪ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወደ አእምሮዬ የእናቴ ፊት ብቻ መጣ። እንደቆምኩ ዝናቡ ተመልሶ ወረደ፣ ልማዱም እንዳለ ነውና ተማሪዎቹ ለዝናብ ኖት ደብተር ማውጣት ጀመሩ።

ያኔ አንዲት ልጅ ከኋላ መጣች። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ አፏን የፈታችው በቤንችኛ ነው፣ አማርኛ ስትናገር ትደናቀፋለች። ለዚህ ብዬ ቁጥር አልሰጠኋትም ነበር። ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦

"የእኛ ቤት ሳር ነው። ዝናብ ሲመጣ እናወራለን። ትምህርት ቤት ለምን አይቻልም?"

ክፍሉ ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሦስት ቀን ሳስጠናቸው እንዲህ መልስ የሚጠብቅ እይታ አይቼባቸው አላውቅም።

በሩ ሥር ቆሻሻ የምንጥልበት የቀለም ጣሳ ነበር። ቆሻሻውን ደፍቼ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ገለበጥኩት። የልጅቷን መዳፍ ይዤ ጎኑ ላይ አስነካኋት፤ በሌላ እጄ የጠመኔ ስብርባሪ ከላይ ለቀቅሁበት። እጇን ደንግጣ ሳበች። ሹራቤን አውልቄ ጣሳው ላይ አነጠፍኩና ደግሜ ለቀቅሁ። በዚህኛው እጇ ባለበት ቆየ። ፈገግ አለች።

ሌላው ተማሪ ሁሉ ካልነካሁ አለ። ተሰለፉ። አንድ በአንድ መዳፋቸውን እያስቀመጡ፣ የተራቆተው ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ፣ የለበሰው ዝም ሲል ነኩት። እኔ ከስብርባሪዎቹ በአንዱ ሰሌዳው ላይ "ሳሩ ሹራብ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ዞር ስል በሰልፉ መጨረሻ ባለ ጭቃ ሱሪው ገምጋሚ መዳፋቸውን ዘርግተው ተራ ይጠብቃሉ።

ደወሉ መቼ እንደተመታ አላውቅም። ገምጋሚው ቅጹን ሰጥተውኝ ወጡ። "የድምፅ ጥራት" በሚለው ፊት ለፊት "አልተሰማም" ብለዋል። "ዕቅድን መከተል" በሚለው ላይ "ከሚገባው በላይ" ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። ሥር ላይ "በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ አልፋለች" ይላል። አማካሪዬ አንብበው ሳቁ፣ ከዚያ ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። ለእናቴ ልደውልላት ስልኬን አወጣሁ።

ቁጥሩን ሳልነካ ያቺ ልጅ በረንዳው ላይ ደረሰችብኝ። ጠመኔዬን ልትመልስልኝ ነው።

"ቲቸር" አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፤ "ነገ እኔ... ስንተኛ ነኝ?"

ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ኋላ ተቀምጣ ቁጥር እስክሰጣት ስትጠብቅ ነበር። አፈርኩ፤ በገምጋሚው ፊት ካፈርኩት የበለጠ አፈርኩ።

"ቁጥር የለም" አልኳት። "ጥያቄ ካለሽ እጅሽን ማውጣት ብቻ ነው።"

እዚያው በረንዳው ላይ እጇን አወጣች።