የደምለው የገዳሪፍ ጫማ

ደምለውን በሩጫ የሚቀድመው ሰው በአገሩ አንድ ብቻ ነበር፤ አብርሃ ጅራ ከምትባለው ከተማ የሚመጣ፣ እንግዳው የሚባል ሯጭ። ችግሩ ግን ሩጫው የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ሚያዝያ 23፣ በላብ አደሮች ቀን ነው፤ እንግዳውም በዓመት አንዴ ወደ እኛ ከተማ፣ ወደ ገንዳ ውሃ፣ መምጣት ረስቶ አያውቅም።

ደምለው የመንግሥት እርሻው ትራክተር ነጂ ነው። እኔ እዚያው ጋራዥ ስለምሠራ ሰበቡን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰበብ ስል ያው አንድ ነው፤ ጫማ። እንግዳው ነጭ ሸራ ጫማ አለው፤ ደምለው የሚሮጠው በበረባሶ ነው። ሁለተኛ በወጣ ቁጥር «ጫማ ቢኖረኝ ጀርባዬን እንጂ ፊቴን አያይም ነበር» ይላል። አሰበች የምትባለው ሚስቱ ይህን ስትሰማ ዝም ነው። እኛም ዝም እንላለን፤ የሚኖረው በዚህች ተስፋ ስለሆነ ማን ደፍሮ ይንካበት።

በደርግ ጊዜ፣ ድንበሩ ላላ ባለበት በአንዱ ዓመት፣ መጋቢት ላይ ፈቃዱን ወስዶ ሱዳን ተሻገረ። እኛ ፈቃድ ስንወጣ የቤት ክዳን እናድሳለን እንጂ ለእረፍት ውጭ አገር የሄደ ሰው አናውቅም ነበር። በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገብቶ እትዬ ዘሊካ ቤት አረፈ። እትዬ ዘሊካ ከእናቱ ጋር መተማ አብረው ያደጉ፣ ኋላ እዚያ ያገቡ ሴት ናቸው። እዚያ የሆነውን፣ ኋላ ዘመድ ሊጠይቁ ሲመጡ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ደምለው ሲያወራው ይረዝማል።

እረፍቱ እስከ ማግሥቱ ጧት ቆየ። ሻዩን እንኳ በወጉ ሳይጠጣ እትዬ ዘሊካን አስከትሎ ገበያ ወጣ። የሐጂ ነስር ሱቅ ውስጥ ሰማያዊ መስመር ያለበት የሩጫ ጫማ ተሰቅሏል። አጠለቀው፤ ልኩ ነው። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ አውልቆ አሸተተው፣ መልሶ አጠለቀው።

«ሳልሮጥበትማ አልገዛም» አለ።

ሐጂ ነስር ጢማቸው የሸበተ፣ ሆዳቸው ወደፊት የወጣ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ዘሊካ በአረብኛ ሲያስረዷቸው ሳቁ። አዲስ ጫማ አጥልቆ ከሱቅ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚባል በየትም አገር የታወቀ ነው። ደምለው ግን የአገሩን ወግ አመጣ። ዋስ እጠራለሁ አለ፤ በረባሶውንም መያዣ ብሎ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ሐጂ በረባሶውን በጣታቸው ጫፍ ገፍተው መለሱለትና ዋሱን ተቀበሉ። ዋሱ እትዬ ዘሊካ ናቸው፤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«እንዳታልፍ ልጄ፤ እኔ እዚህ ታስሬ እንዳልቀር» አሉት።

ሮጠ። የሰሊጥ ተራውን እንዳለፈ አንዱ «ሐራሚ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌባ ማለት ነው። ገበያው ነቅሎ ተከተለው። ዞር ቢል መመለሻው በሰው ተዘግቷል፤ ስለዚህ ወፍጮ ቤቱንም አለፈ። እሱ እንደሚለው ያን ጊዜ ደስ ብሎታል፤ ይህን ያህል ሰው ከኋላው ሆኖ አያውቅማ። እኔ ግን ፈርቶ ነበር እላለሁ። በሰው አገር ዱላ ይዘው ሲከተሉህ ያስፈራል።

የግመል ተራ ሲደርስ አንድ እጅ አንገትጌውን ያዘው። ሐጂ ነስር ናቸው። የጀለቢያቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ከነሆዳቸው፣ መርኩብ በሚሉት ማሰሪያ የሌለው አሮጌ የቆዳ ጫማ ገበያውን ሁሉ ቀድመው ደርሰዋል። ጀለቢያውን ከአፋቸው አወጡና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ተዉት፤ ደንበኛዬ ነው። ዋስ አለው» አሉ። ዱላው ሁሉ ወረደ።

ደምለው ሱቅ ተመለሰ። ጫማውን አውልቆ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና መልሶ ሰቀለው። ከዚያ የሐጂን እግር ትክ ብሎ አየ።

«እትዬ፣ እንዲያ ያለውን ይስጡኝ ይበሉልኝ።»

ሐጂ ከመደርደሪያው አዲስ መርኩብ አወረዱ። ደምለው ራሱን ነቀነቀ። «አዲሱን አይደለም፤ እሳቸውን ያሮጣቸውን ነው» አለ። እትዬ ዘሊካ ይህን የተረጎሙት የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ ነው። ሐጂ ግን ፊቱን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ፤ የእግራቸውን አውልቀው ሰጡትና አዲሱን ራሳቸው አጠለቁ።

ቤቱ ሲገባ አሰበች ጥቅሉን ፈታች። የሩጫው ጫማ የት አለ ብትለው የሆነውን ሁሉ ነገራት። መርኩቡን አገላብጣ አየችው።

«እንግዲያ እግራቸውን ነበር መግዛት» አለች። በዚህ ነገር ላይ የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነው። ደምለው ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሚያዝያ 23 መርኩቡን ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፎ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጋር በሲባጎ አስሮ ሮጠ። መርኩቡ አልወለቀም፣ እግሩንም አልላጠው። እንግዳው ቀደመው። እኛ የዘንድሮውን ሰበብ ልንሰማ ከበብነው፤ አሰበችም የውሃ ጣሳ ይዛ ከሴቶቹ መሀል መጣች። ደምለው ትንፋሹ እስኪመለስ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ሲባጎውን ፈታ፣ መርኩቡን እርስ በርሱ አጋጭቶ አራገፈና ወደ ሚስቱ ቀና አለ። ያን ጊዜ የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም።

«ጫማውስ ደህና ነበር» አላት።