ሆዳን ዶርም ውስጥ ያስተማረችን ጥያቄ

ዛሬ ልደታ ክሊኒካችን አንዲት የጅግጅጋ እናት መጡ። ልጃቸው እያስተረጎመ «ራሷን ነው የሚያማት» አለኝ።

ፊታቸው አላማረኝም። በሶማሊኛ «ሆዮ፣ ሐጌ ኩ ሐኑነይሳ?» አልኳቸው። እናቴ፣ የት ነው የሚያምዎት ማለት ነው።

ደንግጠው አዩኝና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ለካ ልጃቸው እንዳይሰጋ ደብቀውት ነው። ቶሎ ሆስፒታል ላክናቸው፤ አሁን ደህና ናቸው።

ጥያቄውን ያስተማረችኝ የሕክምና ተማሪ ሳለን የዶርም ጓደኛዬ የነበረችው ሆዳን ናት። የክፍሉ ልጆች ስድስታችንም ከተለያየ ክፍለ አገር ነበር የመጣነው።

ሆዳን ልታለማምደን አልጋዋ ላይ በሽተኛ መስላ ትተኛለች፤ በሶማሊኛ ካልጠየቅናት የሚያማትን አትነግረንም። (እኔ ስጠይቃት በሽተኛዋ በሳቅ ትሞታለች።)

ደውዬ ነገርኳት። «ያቺ ክፍላችን ናፈቀችኝ» አለችኝ።

እናንተስ፣ ከዶርም ጓደኛ ተምራችሁ ከዓመታት በኋላ የደረሰላችሁ ነገር አለ? እስቲ አጫውቱኝ።